ጋሼ፣ ዛሬ ይብቃዎት

«ቢራ ለመክፈትም ትምህርት አለው እንዴ?» ፐርሰናል ላይሰንስ፣ ማለት እንግሊዝ አገር የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ፣ ላወጣ ነው ስል ከብዙ ሰው የሰማሁት ይህንኑ ነው። እናቴ ደግሞ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ ለመጠጥ ሻጭነት ነው እንዴ ለንደን ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እኛ ቤት መጠጥ መሸጥ ሲቸግር የሚገባበት እንጀራ እንጂ ተምረው የሚይዙት ሙያ አይደለም።

እኔ ዛሬ ሙያ ነው እላለሁ። ያውም ከባድ ሙያ። መቅዳቱን ማንም በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። የሚከብደው አለመቅዳቱ ነው። በተለይ ለእኛ፣ እንግዳ እምቢ ሲል «በሞቴ» ብለን ለምንጨምር ሰዎች።

የምሠራው ሰሜን ለንደን ውስጥ ባለ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ነው። የገባሁት በአስተናጋጅነት ነበር። አሁን ማታ ማታ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ላይሰንሱን አንቺ አውጪው ሲሉኝ ለደመወዝ ጭማሪው ስል ነበር እሺ ያልኩት። ኮርሱ ይህን ያህል ያሳስበኛል ብዬ አልገመትኩም።

መጀመሪያ ሕጉን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አልኮል ለመሸጥ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። አንዱ የቤቱ ነው። ሬስቶራንቱ፣ ሱቁ ወይም ፐቡ (መጠጥ ቤቱ) ይዞት ማጠቃለያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሌላው የሰው ነው፣ ፐርሰናል ላይሰንስ የሚባለው። በቤቱ ፈቃድ ላይ የአንድ ሰው ስም የመጠጥ ኃላፊ ተብሎ ይሰፍራል። ዲፒኤስ እያሉ ይጠሩታል። ይህ ሰው የግድ ፐርሰናል ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። እዚያ ቤት የሚሸጥ መጠጥ ሁሉ ላይሰንስ ያለው ሰው የሸጠው ወይም እሱ የፈቀደው መሆን አለበት። አስተናጋጇ የምትቀዳው ብርጭቆ ሁሉ ከጀርባው አንድ ፈቃጅ አለው ማለት ነው።

አሠራሩ አዲስ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2005 ነው። ከዚያ በፊት ፈቃድ ሰጪዎቹ የአካባቢ ዳኞች ነበሩ፤ ይህ ልማድ ከ1552 ጀምሮ የመጣ ነው። እንግሊዞች ስለ መጠጥ ሕግ ማውጣት የጀመሩት ትናንት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ጠጥተው ከሥራ እንዳይቀሩ በሚል ፐቦች ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ተደረገ። ጦርነቱ አለቀ፤ ገደቡ ግን እስከ 1988 ቆየ። ይህን ሳውቅ ገረመኝ። የሚጠጣ ሕዝብ ናቸው ብለን የምናማቸው ሰዎች ከመጠጥ ጋር ስንት ዘመን ሲታገሉ ኖረዋል።

ለማውጣት ብዙ አያስቸግርም። 18 ዓመት መሙላት፣ ኮርሱን ወስዶ ፈተናውን ማለፍ፣ ከፖሊስ መዝገብ የወንጀል ማጣሪያ ማምጣት፣ ፎቶና 37 ፓውንድ ይዞ ለሚኖሩበት ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ማመልከት። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ ደግሞ እዚህ አገር የመሥራት መብት እንዳለህ ይጣራል። የመሥራት መብትህ ሲያበቃ ላይሰንሱም አብሮ ይወድቃል። ወረቀታቸው ገና ላልተስተካከለ ወገኖቻችን ይህ በር ዝግ ነው። ስኮትላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው። እናንተ ጋ ላይሰንሱ የ10 ዓመት ሆኖ በየ5 ዓመቱ ማደሻ ኮርስ አለው። እዚህ ግን ከ2015 ወዲህ የማብቂያ ቀን የለውም።

ኮርሱ የአንድ ቀን ነው። ፈተናው 40 ምርጫ ጥያቄ በ40 ደቂቃ፣ ማለፊያው 28። አሰልጣኛችን የቀድሞ ፖሊስ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የማዕዘን ሱቅ ያለው ቱርካዊ፣ ነዳጅ ማደያ የምትሠራ ስሪላንካዊት፣ ፐብ ሊከፍት ያሰበ ወጣት እንግሊዛዊና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰውየው ቦርዱ ላይ አራት ነገር ጻፈ። ወንጀልና ሁከትን መከላከል። የሕዝብን ደህንነት መጠበቅ። ጎረቤትን አለመረበሽ። ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። «ሕጉ በሙሉ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው» አለን። ቱርካዊው እጁን አውጥቶ «ንግዱስ?» ብሎ ጠየቀ። «ንግዱ የራስህ ጉዳይ ነው» አለው። እውነቱን ነው። ከአራቱ አንዱም ስለ ገበያ አይናገርም።

ከዚያ ስለ ዩኒት መጣ። አንድ ዩኒት ማለት 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር ታወጣለህ፣ በጥንካሬው በመቶኛ ታበዛለህ፣ ለ1000 ታካፍላለህ። 25 ሚሊ ሊትር ውስኪ 40 በመቶ ከሆነ አንድ ዩኒት ነው። 750 ሚሊ ሊትር ወይን 12 በመቶ ከሆነ 9 ዩኒት። ሰውነት በሰዓት አንድ ዩኒት ያህል ነው የሚያቃጥለው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም። የዚህ አገር ሐኪሞች ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ14 ዩኒት አትለፉ ይላሉ።

እኔ ወዲያው ስለ ጠጅ አሰብኩ። ብርሌ ሩብ ሊትር ያዘ እንበል። ጠጁ 10 በመቶ ይሁን። 2.5 ዩኒት ነው። ከሁለት ውስኪ ይበልጣል! ጣፋጭ ስለሆነ ግን ማንም እንዲያ አያስበውም። ቤታችን የሚመጡ ፈረንጆች «የማር ወይን» እያሉ እንደ ጭማቂ ይጠጡታል። ሁለተኛውን ብርሌ ሲያጋምሱ ጉንጫቸው ይቀላል። ከኮርሱ ወዲህ ጠጅ ለሚያዝ አዲስ ሰው ጥንካሬውን አስቀድሜ እናገራለሁ። እኛ የምንሸጠው በጠርሙስ የታሸገውንና መለያ ወረቀቱ ላይ ጥንካሬው የተጻፈበትን ብቻ ነው። «የቤት የለም?» የሚሉን ብዙ ናቸው። የለም። እቤት ለራስህ ብትጥል ማንም አይጠይቅህም። ለመሸጥ ከሆነ ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድና ቀረጥ አለበት። ስንት በመቶ እንደሆነ ያላወቅኩትን ነገር ለሰው ቀድቼ መስጠትም አሁን ይከብደኛል።

ከሰዓት በኋላ ግን አሰልጣኙ ያነሳው ነገር እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ለሰከረ ሰው መሸጥ ወንጀል ነው። ይህን በደፈናው አውቀው ነበር። ያላወቅኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ለሰከረ ሰው መጠጥ ገዝቶ የሚሰጥ ጓደኛም ወንጀለኛ ነው። አሰልጣኙ ይህን ሲያነብ እኔ ያየሁት የእኛን ጠረጴዛዎች ነው። እኛ ዘንድ ሰው ለራሱ ብቻ አያዝም። ሒሳብ የሚከፍለው ለመክፈል ይጣላል። ጓደኛው ብርጭቆውን በእጁ ከድኖ «በቃኝ» ሲል ፍቅር የሚገለጸው እጁን አንስቶ በመሙላት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ መጥቶ ቁጭ የሚለው ልክ እዚያ እጅ ላይ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ተፈተንኩ። ቅዳሜ ማታ ነበር። ከለቅሶ ቤት የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቆዩ ደንበኛ ናቸው። የሞተው የልጅነት ጓደኛቸው ነው። ሲገቡም የሆነ ቦታ ቀምሰው እንደመጡ ያስታውቅ ነበር። እኛ ጋ ሁለት ውስኪ ጠጡ። ሦስተኛውን ሲያዙ ዓይናቸውን አየሁት። ፈዟል። አጠገባቸው ያለውን የውሃ ብርጭቆ ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉና ጠረጴዛውን ዳበሱ። ወሬያቸው ተንዛዝቷል፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይናገራሉ።

አሰልጣኙ ያስተማረን እንዲህ ነበር። በሰው ፊት አትከልክል። ቆመህ ከላይ አትናገር። «ሰክረሃል» አትበል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ስካር ይሆናል። የማትሰጠውን ተናግረህ ወዲያው የምትሰጠውን አቅርብ። እኔም ጠጋ ብዬ በጉልበቴ በርከክ አልኩና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ዛሬ ይብቃዎት። ሾርባ ላምጣልዎት፣ ታክሲም እጠራለሁ» አልኳቸው።

ሰሙኝ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ሊቀበሉ ነበር። የተቆጣው ጓደኛቸው ነው። «እንዴ! ሐዘንተኛ አይደለም እንዴ? ጨምሪለት፣ በሞቴ! ሒሳቡ የኔ ነው።» ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጋሼም ተከተሉ። «አባትሽ የምሆን ሰው ነኝ» አሉኝ። ይህ ገባኝ። አባቴ ቢሆኑ ኖሮ እኔም እንዲህ አልናገርም ነበር፤ አባቴን «ይብቃህ» ያልኩበት ቀን የለም። ቢሆንም አልሰጠሁም። ለጓደኛቸው «አባባ፣ ብቀዳ እኔ እከሰሳለሁ፣ ቢገዙላቸው ደግሞ እርስዎም ይከሰሳሉ» አልኩት። አላመነኝም። ውሃ በጆግ አመጣሁ። የቧንቧ ውሃ ለጠየቀ ደንበኛ ሁሉ በነጻ መስጠት የፈቃዱ ግዴታ ነው፤ ለእኔ ግን ያን ማታ ከግዴታ በላይ ጠቀመኝ። ሾርባውም መጣ። ታክሲ ጠራሁ። ወጡ።

ከዚያ ያልሸጥንበትን የምንመዘግብበት ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሰዓቱን፣ የሰውየውን መልክ፣ ምክንያቱን። «ወንድ፣ 70 አካባቢ፣ ግራጫ ካፖርት፣ የስካር ምልክት።» ስም አይጻፍም። ጋሼን እንዲህ አድርጎ ወረቀት ላይ ማስፈር በጣም ነው የከበደኝ። ደብተሩ ግን ያስፈልጋል። የካውንስል ሰው ወይም ፖሊስ ሲመጣ ቤቱ እምቢ ማለት እንደሚችል የሚመሰክረው እሱ ነው።

ባህላችን እምቢ ማለትን አያውቅም ብዬ ልጨርሰው አልችልም፤ ልክ አይሆንም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ጠላና አረቄ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ደጃቸው ላይ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይቆማል፤ ምልክቱ እሱ ነበር። ሰው ሲያበዛ ጣሳውን ከእጁ ይወስዱና «ሂድ፣ እህል ቅመስ፤ ነገ ትመጣለህ» ይሉታል። የሰፈሩ ጉልቤ እንኳ አይመልስላቸውም። ማን ደመወዙን ሚስቱ ሳታየው እንደሚጨርስ ያውቃሉ። ማን ሲጠጣ እንደሚደባደብ ያውቃሉ። ለንደን ያለ አሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳን የዋለውን እሳቸው ያለ ወረቀት ይሠሩት ነበር። እኔ የተማርኩት ሙያ የእሳቸውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እናቴም እንዲህ ብታየው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን እንለያያለን። እሳቸው ጠርሙስ ይዞ ለተላከ ልጅ ይቀዱ ነበር። እኔም ተልኬ አውቃለሁ። እዚህ ልጁን የላከው አባት ጭምር ጥፋተኛ ነው። ይህን ስናገር «እሱ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣውም ይኸው አዋጅ ነው። እንግሊዝ 18 ትላለች። በወረቀት የእኛ ይጠብቃል።

ዕድሜ ስል፣ ለሐበሻ ቤት ልዩ ፈተና የሆነ ነገር አለ። እዚህ አገር አብዛኛው ቤት ከ25 በታች የሚመስልን ሰው ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃል። የሚቀበለውም ፎቶ፣ የልደት ቀንና ሆሎግራም ወይም የሚያበራ ምልክት ያለበትን ነው። ፓስፖርት ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ይሆናል። አዲስ የመጡ ልጆች አንዳንዴ የቀበሌ መታወቂያ ያወጣሉ። የልደት ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። 2000 ተብሎ የተጻፈውን እንግሊዛዊ አስተናጋጅ እንዳለ ቢወስደው ልጁን ሰባት ስምንት ዓመት አሳደገው ማለት ነው። እኛም በጥድፊያ ላይ ያመልጠናል። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያ አንቀበልም፣ አለቀ። ባለሥልጣናቱ ከ18 በታች የሆኑ ልጆችን ገዢ አስመስለው ይልካሉ። ከሸጠ የሚቀጣው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጠርሙሱን ያቀበለችው የመጀመሪያ ሳምንቷ ላይ ያለች ልጅም ትቀጣለች፣ የቅጣቱም ጣሪያ የለውም።

በምረቃ ሰሞን የገጠመኝን ልጨምር። ትምህርት የጨረሰች የ17 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር መጣች። አጎቷ «ለሷም አረቄ አምጪ፣ ልጃችን ናት፣ የምንፈቅደው እኛ ነን» አለኝ። ሕጉ 16 ወይም 17 ዓመት የሞላው ልጅ ከምግብ ጋር፣ ትልቅ ሰው አብሮት ካለና እሱ ከገዛለት፣ ቢራ፣ ወይን ወይም ሳይደር (የፖም መጠጥ) እንዲጠጣ ይፈቅዳል። አረቄ የለበትም። ይህን ስነግረው አጎትየው አኮረፈ፣ እናቷ ግን ከጀርባው ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ልጅቷ ኮካ ጠጣች።

ወደ ጋሼ ጓደኛ ልመለስ። ሰኞ ደወለልኝ። «ያልሽው እውነት ነው እንዴ? እኔም እከሰስ ነበር?» አለኝ። ልጁን አስጠይቆ ኖሮ ሕጉን አይቶታል። ለካ የአንድ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተከራይተው ቢራና ወይን እየሸጡ ለማኅበሩ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ፈቃድ ይዘው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አዳራሹ ፈቃድ አለው ብለውናል» አለኝ። የአዳራሹ ፈቃድ መጠጥን ላይጨምር ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጣራው እሱ ነው።

ማኅበር ያላችሁ ይህን ያዙልኝ። ለአንድ ቀን ዝግጅት ጊዜያዊ የዝግጅት ማሳወቂያ የሚባል ቅጽ አለ። ለካውንስሉ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ሲቀር ይገባል፤ ዝግጅቱ የሚውልበት ቀንና የምታስገቡበት ቀን አይቆጠርም። ዋጋው 21 ፓውንድ ነው። በአንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው፣ አስተናጋጆቹን ጨምሮ፣ ከ499 አይበልጥም። ፐርሰናል ላይሰንስ የሌለው ሰውም በዓመት እስከ 5 ጊዜ ማስገባት ይችላል፣ ያለው እስከ 50። ሰብሳቢው ቅጹን ይዞ መጣና አብረን ሞላነው። ለመጠጡ ጠረጴዛ ማን እንደሚቆም ስጠይቀው «ወጣቶቹ» አለኝ። ዕድሜያቸውን ጠየቅኩት። ሳቀና ዝርዝሩን ቀየረ።

የሬስቶራንት ባለቤቶችን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ላይሰንሱ የአንድ ሰው ነው፣ ሰውየው ደግሞ ማታ አይኖርም። ይህ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሌሎች እንዲሸጡ ፈቃድ መስጠት ይችላል። ግን በጽሑፍ ይሁን። የተፈቀደላቸውም ምን እንደተፈቀደላቸው ይወቁ። ቅዳሜ ሌሊት ሰካራም ፊት የምትቆመው ገና እንግሊዝኛዋ ያልጠነከረ የ20 ዓመት ልጅ ናት። እምቢ ስትል ባለቤቱ መጥቶ «ስጪው፣ ደንበኛ ነው» የሚላት ከሆነ ኮርሱን መቶ ጊዜ ብትወስድ ዋጋ የለውም። በእኛ ቤት አስተናጋጅ አልሸጥም ካለች ማንም፣ እኔም ባለቤቶቹም፣ ያንን ማታ ቃሏን አንሽረውም። ተሳስታም ከሆነ በማግስቱ እንነጋገራለን። አሁን ሁለቱን ልጆች ኮርሱ ላይ አስመዝግበናል፣ ክፍያውን ቤቱ ችሎታል። ከምሳ በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጥግ ላይ ተቀምጠን እናጠናለን። እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ እነሱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባሉ። ዩኒቱን በውስኪና በወይን ጨርሰዋል። ነገ በጠጅ እናሰላዋለን።